ከኤጀታ ጋጣ የወጣው ድንጉላ

ሾዴ ዋቅጋሪና እኔ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ቤታቸው ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ነው፤ የኛ ደግሞ ከነሱ ዝቅ ብሎ። ክረምት በገባ ቁጥር ከነሱ ግቢ የሚወርደው ጎርፍ ፋንድያ ይዞ በደጃችን ያልፋል። እናቴ «የዋቅጋሪ ፈረስ ደግሞ መጣብን!» ብላ ታማርርና፣ ዝናቡ ሲያባራ ያንኑ ፋንድያ በአካፋ ዝቃ ለጎመን መደቧ ትወስደው ነበር። ጎመናችን በሰፈሩ የታወቀ ነበር።

ዛሬ ሾዴ ስልሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሠላሳ ዓመት እዚሁ ጉለሌ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ሰው የሚያውቃት ግን በሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ፎቅና ሚኒባስ መሀል ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ፣ ይዛ ባዝራ ላለው ሁሉ የምታስጠቃ ሴት እሷ ብቻ ናት። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ ገጠሮች፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ ሴት ፈረሱን በገመድ እየሳበ የሚመጣ ገበሬ የሚጠይቀው «የሾዴ በር የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ዓለምፀሐይ እባላለሁ፤ አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለ ፈረስ የማውቀው ከነሱ ቤት የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

ነገሩን የጀመሩት አያቷ ኤጀታ ናቸው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ከገባ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ነው። ኤጀታ ያኔ ለአንድ ባለብዙ ፈረስ መኮንን ሳር የሚያጭዱ ጎልማሳ ነበሩ። አንድ ቀን የመኮንኑ ምርጥ ባዝራ ወለደች። ውርንጭላው ግን የፊት እግሮቹ እንደ ማጭድ ታጥፈው መቆም አቃተው። ጌታው አዩና «ለጅብ ጣሉት» ብለው ገቡ። እንዲጥል የታዘዘው ሳር አጫጁ ነው። ኤጀታ ውርንጭላውን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ፤ ወጡና አልጣሉትም። ሽቅብ ቁስቋም ድረስ አመጡት። እግሮቹን በቀርከሃ ፍልጥ ደግፈው በጨርቅ አሰሩ። በየሦስት ቀኑ እየፈቱ በቅቤ ያሹታል፤ ከጎረቤት የላም ወተት እየለመኑ ያጠጡታል። በሁለተኛው ወር ውርንጭላው በአራት እግሩ ቆመ።

በአራተኛው ዓመት እንጦጦን ሽምጥ የሚወጣ ድንጉላ ሆነ። ከግንባሩ ተነስቶ ወደ ግራ አፍንጫው የሚጣመም ነጭ ምልክት ነበረውና ቦራ አሉት። እንዲህ ያለ ፈረስ ደግሞ ተደብቆ አይኖርም። የመኮንኑ አሽከሮች አይተው ለጌታቸው ነገሩ፤ ኤጀታም ከነፈረሳቸው ተይዘው ቀረቡ።

የሾዴ አባት አቶ ዋቅጋሪ ይህን ሲያወሩልን እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ወፈር ያደርጉ ነበር። መኮንኑ ፈረሱን ዞር ዞር ብለው አዩት አሉ። ከዚያ ኤጀታን ጠየቁ።

«ይሄ ለጅብ ጣሉት ያልኩት ነው?»

«አዎን ጌታዬ።»

«እንግዲህ እኔ ለጅብ ሰጥቼዋለሁ። ከጅብ ቀምተህ ከሆነ ክርክርህ ከጅብ ጋር ነው። ጅብ ከሳሽ ሆኖ እስኪቀርብ ድረስ ፈረሱ ያንተ ነው።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ፤ ኤጀታ ግን አልሳቁም። መሬት ስመው፣ ፈረሳቸውን ስበው፣ እያለቀሱ ወጡ። ያን ቀን ነው የተሳሉት። በነፃ የተሰጠኝን በነፃ እሰጣለሁ፣ በሬንም ባዝራ ይዞ ለመጣ ሰው አልዘጋም ብለው።

ስለቱ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥሩ ድንጉላ የነበረው በትልልቆቹ ቤት ነው፤ እሱም የሚያጠቃው የዚያኑ ቤት ባዝሮች ነበር። የድሃ ገበሬ ባዝራ መስክ ላይ ካገኘችው ከማንኛውም ከሲታ ፈረስ ትፀንሳለች፤ የሚወለደውም ጭነት ሲጭኑት ወገቡ የሚጎብጥ ነው። ኤጀታ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሙ።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ባዝራ ያለህ አምጣ! ቦራ ለጌታም ለድሃም እኩል ነው! ሳር ያለው ሳር ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ!»

መጀመሪያ ሰው አላመነም። በኋላ አንዱ መጣ፣ ሌላውም ተከተለ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከእንጦጦ ማዶ ባሉት መንደሮች ያ የተጣመመ ነጭ ምልክት ግንባሩ ላይ ያለው ፈረስ በየደጁ ታሰረ ይባላል። ቦራ ሲያረጅ ልጁ ተተካ፤ ከልጁም የልጅ ልጁ። ጋጣው እስከ አቶ ዋቅጋሪ፣ ከአቶ ዋቅጋሪም እስከ ሾዴ፣ እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ፣ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አላደረም።

ሾዴ ሁለት ወንድሞች ነበሯት። ታላቁ ዘምቶ ቀረ። ታናሹ ሹፌር ሆኖ አዳማ ገባ፤ ልጓም ከመያዝ መሪ መያዝ ይሻለኛል ያለ ሰው ነው። አቶ ዋቅጋሪ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ሲይዙ ገመዱን የምትቀበል ሴት ልጅ ብቻ ቀረች። ያኔ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ታጸዳለች፣ ከሰዓት ጋጣ ታጸዳለች። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሰዎች ባዝራ ይዘው መጡና አንዱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ጠየቀ።

«ቤት ውስጥ ወንድ የለም ወይ?»

«ፈረሱ ወንድ ነው፤ አይበቃህም?» አለችው ሾዴ።

ሰውየው አፍሮ ገመዱን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ደግሞ የጠየቃት የለም።

ሥራዋን ስትሠራ አይቻለሁ። ባዝራ ሲመጣላት ቶሎ ወደ ድንጉላው አታቀርብም። ጥርሷን ታያለች፣ እግሮቿን በእጇ እየዳበሰች ቁስል ወይም እባጭ እንዳለ ትፈልጋለች። ገና ልጅ ከሆነች «ለከርሞ አምጣት» ትላለች። ጤነኛ ከሆነች ከወፍራም አጣና ወዲያ ታቆማትና ድንጉላውን ከአጣናው ወዲህ ታመጣለች። ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ከተራገጠች ቀኗ አልደረሰም፤ ባለቤቱ ጎረቤት ያድርና በማግስቱ ይሞከራል። ጸጥ ብላ ጭራዋን ከፍ ካደረገች አጣናው ይነሳል። ሁሉም ነገር በዝግታ ነው። ሲያልቅ ለባለቤቱ አንድ ነገር ብቻ ትነግረዋለች፦ «ስትወልድ እንድሰማ አድርግ።»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ ዳማ የሚባለው ድንጉላዋ ታመመ። ጠዋት ሳሩን ሳይነካ አገኘችው፤ ሆዱን እያየ መሬት ይቧጥጣል። የወንድሟ ልጅ ሃዊ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ተደውሎላት መጣች። መድኃኒት ሰጠችው፣ ሾዴ እያዞረች አራመደችው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አገዛት። ከሰዓት በኋላ ዳማ በጎኑ ወደቀ፤ አልተነሳም። ሃዊ ምክንያቱን ለማወቅ ከፍታ ስታየው አንጀቱ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ፌስታል አገኘች። ከተማው ዳር ላይ ከታጨደው ሳር ጋር አብሮ የገባ ነው።

«አዳዳ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» አለች ሃዊ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

«ሳሩን ያበላሁት እኔ ነኝ» አለች ሾዴ።

የሰፈሩ ወንዶች ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። ወሬው እንጦጦን ተሻግሮ ማዶ ደረሰና ሰዎች ሰው እንደሞተበት ቤት እየመጡ አስተዛዘኗት። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። ዳማ ምትክ አልነበረውም። አንድ ውርንጭላ ለምትክ አሳድጋ ነበር፤ እሱም ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት በበሽታ ሞቶባት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽበት የወረሰው ገበሬ ባዝራ እየሳበ፣ በትከሻው የሳር እስር ተሸክሞ ከበሩ ደረሰ። ቱፋ ይባላል፤ አምስት ሰዓት በእግሩ ተጉዟል፤ ወሬውን አልሰማም። ሾዴ ወጥታ ነገረችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባዝራዋ ጤነኛ ሆና ቀኗ ደርሶ፣ «ድንጉላ የለኝም» አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ አልሰማሁም» አለ ቱፋ። ከዚያ ሳሩን ከትከሻው አውርዶ ጋጣው ደጃፍ ላይ አኖረው።

«ለምን? ባዝራህ ለመንገድ ትብላው እንጂ» አለችው።

«ለድንጉላው ብዬ ያጨድኩት ነው። መልሼ አልወስደውም። ሌላ ሲያገኙ ይበላዋል፤ ያኔ ይደውሉልኝ።» የስልክ ቁጥሩን ለኔ አጻፈኝና ባዝራውን ስቦ ዳገቱን ተያያዘው።

ሾዴ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ዓለምፀሐይ፣ ጫማሽ ደህና ነው?»

«ለምን?»

«ማዶ እንሻገራለን። ከቦራ ዘር ያልተኮላሸ አንድ አይጠፋም። መቶ ዓመት ሙሉ ሲወጣ ኖሮ እንዴት አንድ ይጠፋል?»

በነጋታው ጉዞ ጀመርን። በሚኒባስ እንሄድና መንገዱ ሲያልቅ በእግር እንገባለን። የኔ ጉልበት ይጮሃል፤ የሷ አፍ አያርፍም፤ በየቤቱ በኦሮምኛ ትጠይቃለች። የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ባዝራ አለ፣ የተኮላሸ ፈረስ አለ፣ ድንጉላ ግን የለም። ድንጉላ ያስቸግራል፣ አጥር ይሰብራል፣ ለምን ይያዛል? ሲያስፈልግ የሾዴ አለ። አንድ ሰው እንዲያውም እንዲህ አላት፦ «እኛ ሁላችንም የተማመንነው በእርስዎ ነበር።» መመስገኗ ነው ወይስ መወቀሷ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል እማማ የሺ የሚባሉ አሮጊት ቤት ደረስን። ከደጃቸው አንድ ዓይኗ የጠፋ ያረጀች ባዝራ ታስራለች። ሾዴ ፊቷን ስታይ ቆመች። ያ የተጣመመ ነጭ ምልክት ግንባሯ ላይ አለ።

«እናቷ ከአባትሽ ፈረስ የተወለደች ናት» አሉ እማማ የሺ። «እሷን ለመጨረሻ ጊዜ ካንቺው ከዳማ ነው ያስጠቃኋት። ወንድ ወለደች፤ አሰሙኝ ብለሽ ነበር፣ ሳንነግርሽ ቀረን።»

«የት አለ?»

«ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት ሸጠው። አዲስ አበባ ለሚኖር ባለጋሪ። አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው ብሎኛል።»

«ተኮላሽቷል?»

«እኛ ጋ ሳለ አልተኮላሸም። እዚያ ምን እንዳደረጉት እንጃ፣ ልጄ።»

ሾዴ ሳቀች፤ ከዳማ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሦስት ሳምንት ተራራ ለተራራ የዞርንለት ፈረስ በኛው ክፍለ ከተማ፣ ከቤታችን በታክሲ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ብሎኬት ይጎትት ነበር።

ባለጋሪዎቹ የሚቆሙት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ መኪና የማይደፍራቸው ኮረኮንቾች በሚጀምሩበት ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ሄድን። መፈለግ እንኳ አላስፈለገንም። ብሎኬት በተጫነ ጋሪ ፊት ያ የተጣመመ ነጭ ምልክት ግንባሩ ላይ ያለው ቡናማ ፈረስ የፊት እግሮቹን እያነሳ ያሽካካል። አንድ ጎልማሳ አለንጋ ይዞ ይጮሃል። ሰዉ ርቆ ቆሟል። ሾዴ ግን ቀጥ ብላ ሄደች።

«እናቴ፣ አይጠጉ! እብድ ነው፣ ይራገጣል!» አለ ጎልማሳው። ስሙ ሸፊ ነው፤ በኋላ ነው ያወቅነው።

ሾዴ አልሰማችውም። ለፈረሱ በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራለች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ አባቷ ሲያወሩ የምሰማው ዓይነት ቃና ነበረው። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። አንገቱን ዳበሰች፣ ትከሻውን፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደች። የግራ የፊት እግሩን ስትነካ ዘለለ። ቆይታ ደግማ ነካችው። በሦስተኛው እግሩን አነሳላት።

«ፒንሳ ያለው አለ?» አለች።

ከአንዱ ጋራዥ ፒንሳ መጣ። ከሰኮናው ውስጥ ግማሽ ጣት የሚያህል የዛገ ሽቦ ስባ አወጣች። ከኋላው መግል ተከተለ። ሽቦውን ለሸፊ በመዳፏ አሳየችው።

«ይሄ ፈረስ አላበደም፣ ልጄ። አሞታል እንጂ።»

ሸፊ ሽቦውን አየ፣ አለንጋውን አየ። ከዚያ ብሎኬቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለት ወር ሙሉ ስመታው ነበር» አለ።

ሾዴ አልወቀሰችውም። አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ኤጀታ፣ ስለ ቦራ፣ ስለ ዳማ አንድ በአንድ ነገረችው። ሸፊ አላቋረጣትም፤ ሲያልቅ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ግን ሚስቴ ልትወልድ ነው። ይሄ ፈረስ እንጀራዬ ነው። ደግሞ ሐሙስ የሚያኮላሸው ሰው ይመጣል፤ ቀጠሮ ይዣለሁ። ካልተኮላሸ አይሆንልኝም።»

«ልክ ነህ» አለችው ሾዴ። «ድንጉላ ለጋሪ አይሆንም። ላንተ የሚሆን የዋህ የተኮላሸ ፈረስ ባመጣልህ ትለውጠኛለህ?»

«ጠንካራ ከሆነ ለምን አልለውጥም? ግን ከሐሙስ በፊት መሆን አለበት።»

«ከሐሙስ በፊት» አለች ሾዴ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ከየት ነው የማመጣው?» አለችኝ። የዋህ ፈረስ ቀርቶ አህያ እንኳ አልነበራትም።

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ወረቀት ትዝ አለችኝ። ለቱፋ ደወልንለት። ሾዴ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ የተኮላሸ የዋህ ፈረስ ለመለወጫ የሚሰጠኝ ሰው ታውቅ እንደሆነ፣ ከአንተው መንደር ብትጠይቅልኝ። ሰውየው «እስቲ ልጠይቅ» ብሎ ዘጋው። ማክሰኞ አልደወለም። ሾዴ ጋጣውን ሁለት ጊዜ ጠረገችው፤ በሁለተኛው የሚነሳ ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ቱፋ ነው። ወገበ ሰፊ፣ ዓይነ ርኅሩኅ የተኮላሸ ነጭ አምባላይ ፈረስ ይዟል።

«ከማን አገኘኸው?» አለችው ሾዴ።

«ከራሴ።»

«ቱፋ፣ እኔ እኮ ጠይቅልኝ አልኩህ እንጂ ያንተን ስጠኝ አላልኩም።»

«ጠየቅሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ራሴን ነው፤ እሺ አለኝ።» ፈገግ አለ። «ሁለት ፈረስ አለኝ። አንዱ ይሠራል፣ ይሄኛው ቆሞ ይበላል። የእናቱ እናት የተወለደችው ከአባትዎ ፈረስ ነው። አባቴ ያኔ ባዶ እጁን ነበር የመጣው፤ ድርቅ ነበር፣ ሳር እንኳ አልነበረም። አቶ ዋቅጋሪ አስጠቁለት፣ ምሳ አብልተው ሸኙት። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት።»

ሾዴ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጋጣው ምሰሶ ላይ ተደገፈች። ዳማ ሲቀበር ያላፈሰሰችውን እንባ ሁሉ ያን ጠዋት አፈሰሰችው። ቱፋ ሰማይ ሰማዩን እያየ ጠበቃት።

ከሰዓት ልውውጡ ሆነ። ሸፊ አምባላዩን ጋሪ ላይ አስሮ አንድ ዙር ነዳው፤ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። የታመመውን ፈረስ ገመድ ለሾዴ ሲያቀብላት ግንባሩን በፈረሱ ግንባር ላይ አሳረፈና «አውፍ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። በማግስቱ የሚያኮላሸው ሰው ዕቃውን ይዞ መጣ አሉ። አምባላዩን ዞሮ ከኋላ ሲያየው በንዴት «ይሄን ማን ቀደመኝ?» ማለቱ ባለጋሪዎቹን እስከ ዛሬ ያሥቃል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቃና ብል ውሸት ይሆናል። ሰኮናው እስኪድን ሦስት ወር ፈጀ፤ ሃዊ በየሳምንቱ እየመጣች አጠበችው። አፉ በልጓም ቆስሎ ስለነበር ሾዴ ልጓም ሳታስገባበት በገመድ ብቻ አለማመደችው። ሳሩን አሁን በእጇ እየበጠረች ነው የምትሰጠው፤ ሰፈርተኛውም ፌስታል ሲያይ ማንሣት ለመደ። ስሙን ልትለውጥለት ሞክራ ነበር፤ ፈረሱ ግን የሚሰማው ሸፊ ያወጣለትን ስለሆነ «እብዱ» እንደተባለ ቀረ። የዋህነቱን ለሚያይ ሰው ስሙ ግራ ነው።

በመስከረም ባዝሮች መምጣት ጀመሩ፤ ድንጉላው ግን አጣና ሲያይ ይሸሻል። ዱላ ይመስለዋል። የመጀመሪያዋ ባዝራ እንደመጣች ተመለሰች። ሁለተኛዋም። ሰዎቹ በአክብሮት ምንም አላሉም፤ ዳገቱን ሲወጡ ግን ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ሾዴ አጣናውን አነሳችና በቦታው የሳር እስሮች ደረደረች። ጥቅምት ላይ ቱፋ ባዝራውን ይዞ ሲመጣ እብዱ ሳሩን አሸተተ፣ ትንሽ በላ፣ ቀና አለ፣ ባዝራዋን አየ። የቀረውን ቱፋና ሾዴ ያውቁታል፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር።

ባዝራዋ አሥራ አንድ ወር ተሸክማ ጳጉሜን ላይ ወለደች። ቱፋ ደውሎ «ሴት ናት፣ ቆማለች፣ እየጠባች ነው» ሲል ሾዴ ስልኩን ለሁላችንም አሰማች። ባለፈው ዓመት ብቻ ሰባት ባዝሮች መጥተው አምስቱ ፀንሰዋል። ሸፊም ወንድ ልጅ ተወልዶለት፣ ሚስቱን ኢክረማንና ሕፃኑን ይዞ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ሕፃኑን እብዱ ጀርባ ላይ ካላስቀመጥኩ ሲል ኢክረማ ተቆጣችው።

ባለፈው ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም በዓል ዕለት፣ ሾዴና እኔ ቅዳሴ አብረን አስቀደስን። ስንወጣ እሷ ከሌላው ጊዜ ዘገየች። ሁሉም ከወጣ በኋላ ከቅጥሩ ግድግዳ ሥር ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየኋት። ስትጨርስ ጠየቅኋት።

«ምን ለምነሽ ነው ይሄን ያህል?»

«ዛሬ አልለመንኩም» አለች። «ስም እየጠራሁ ነበር። ብዙ ሰው ነው፤ እንዳልረሳ በዝግታ ነው የምጠራው። የአያቴን ፈረስ ያልቀሙትን ጌታ ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ እሳቸውንም ስማቸው ያልታወቀው ብዬ ጠራኋቸው።»

«እኔንስ?»

«አንቺንማ መጀመሪያ ነው የምጠራሽ፤ ጉልበትሽን ጨምሬ።»

እየተሳሳቅን ወረድን። በሩ ጋ ስንደርስ አንድ የማናውቀው ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ገና ከንጋቱ የተነሳ ይመስላል፤ እግሩ አቧራ ለብሷል። ባዝራው አጥሩ ሥር ሳር ትነጫለች። ሾዴን ሲያይ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«የሾዴ በር ይሄ ነው ብለውኝ ነው፣ እናቴ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፤ በኛ በኩል ዘንድሮ ሳሩ...»

«ቁርስ በልተሃል?» አለችው።

«እ... አልበላሁም።»

«እንግዲያው ግባ። ዛሬ በዓል ነው፣ ዳቦ አለ። አንተ ብላ፣ ባዝራዋም ውኃ ትጠጣ፣ ትረፍ። ፈረሱ የትም አይሄድም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧ ላይ አሰረች። ሰውየው ባዝራውን ለማሠር ሲታገል ገመዱን ተቀብላው ወደ ጋጣው ጎን ወሰደቻት። እኔም ዳቦውን ልቆርስ ገባሁ።